ምስማር ያልነካው ቤት

የአያቶቼ ቤት ከመሠረቱ እስከ ጉልላቱ አንድ ምስማር አልገባበትም። ጥድ፣ ፍልጥ፣ ልጥ፣ የእንሰት ቃጫ፣ ጭቃና ሣር ብቻ ነበር። ቸሃ ውስጥ፣ ከእምድብር ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ ጀፎሮ ዳር ቆሞ ነበር። ሴት አያቴ ዕድሜውን በዓመት አትቆጥረውም ነበር፤ "ጣሊያን ሲገባም ነበረ፣ ሲወጣም ነበረ" ትለን ነበር።

ጀፎሮን ላላየ አንባቢ ጥቂት ልበል። ሣር የለበሰ፣ ቀጥ ያለ፣ በጣም ሰፊ መንገድ ነው። ቤቶች በግራና በቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ፤ ከየቤቱ ጓሮ የእንሰት ተክል ይጀምራል። ጀፎሮ ላይ ከብት ይውላል፣ ልጅ ይቦርቃል፣ ፈረስ ይጋለባል፣ ለቅሶ ይቀመጣል፣ ሠርግ ይጨፈራል፣ ደመራ ይለኮሳል። ማንም የእኔ ነው አይለውም። አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎሮው የገፋ ሰው በሽማግሌ ይዳኛል፤ የሰባት ቤት ጉራጌ የባህል ሕግ፣ የጆካ ቂጫ፣ ከመንግሥት ሕግ በፊትም ከመንግሥት ሕግ ጎንም ሲሠራ የኖረ ነው። የአንድ ሰው ቤት ሲሠራም አገር ያየዋል። ደጃፉ ጀፎሮ ላይ ስለሆነ ያጋደለ ምሰሶ፣ የሳሳ ክዳን ከአላፊ አግዳሚ ዓይን አያመልጥም።

እኔ የተወለድኩት መርካቶ ነው። አባቴ እንደ ብዙው የመንደሩ ልጅ በእግሩ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከሊስትሮነት ተነስቶ ትንሽ ሱቅ እስከ መክፈት የደረሰ ሰው ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሱቁን ሳይዘጋ ይከርምና መስቀል ሲቃረብ ቆልፎ፣ ልጆቹን ሰብስቦ በጅማ መንገድ ይወርዳል። ወልቂጤ ስንደርስ ገበያው በሚወርዱ ሰዎች ተሞልቶ እናገኘዋለን። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በጭነት መኪናም በእግርም እንደተገኘው ነው።

ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የሚቀበልህ ጨለማ ነው። ከጀፎሮው የፀሐይ ብርሃን ተነስተህ ጉበኑን ስትሻገር ምንም አይታይህም፤ የጭሱ፣ የቅቤውና የከብቱ ሽታ ግን ቤቱ ውስጥ መሆንህን ይነግርሃል። ትንሽ ቆይቶ እሳቱ ይታይሃል። ቀጥሎ በስተግራ ከርብራቡ ወዲያ የላሞቹ ዓይን ያበራል። ከዚያ ግድግዳው ላይ በተርታ የተሰቀሉት ሰፌዶችና የተወለወሉት ጥቋቁር ጣባዎች ብቅ ብቅ ይላሉ። ቀና ማለት ያለብህ የዚያን ጊዜ ነው። መሃል ላይ አንድ ሰው እጁን ቢዘረጋ በእቅፉ የማይገባ ምሰሶ ቆሟል። ከምሰሶው ወገብ በላይ ዙሪያውን ድጋፍ እንጨቶች ተነስተው ወደ ላይ እየሰፉ ይሄዱና የጣሪያውን ወራጆች ይቀበላሉ፤ እንደተዘረጋ ጃንጥላ። ወራጆቹ ላይ ቀጫጭን ማገሮች በክብ በክብ ታስረው እስከ ጫፉ ይደርሳሉ። እስሩ ሁሉ እኩል ነው። የቃጫው ቋጠሮ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዞሯል። ይህ ሁሉ ደግሞ በስንት ዘመን ጥላሸት ጠቁሮ፣ የእሳቱ ነበልባል ከፍ ባለ ቁጥር ያብረቀርቃል። በልጅነቴ ጅባ (ምንጣፍ) ላይ በጀርባዬ ተኝቼ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ያንን ጣሪያ ሳይ አመሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሥራ ምክንያት ብዙ ትልልቅ አዳራሽ ገብቻለሁ፤ ያንን የሚያህል የጣሪያ ሥራ አላየሁም።

ቤቱ እንዴት እንደተሠራ ያወቅሁት ግን ከራሱ ከቤቱ አይደለም። በ1966 የካቲት ወር አዲስ አበባ ውስጥ መምህራን ሥራ አቆሙ፣ ባለታክሲዎች አደሙ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። አባቴ "ነገሩ አላማረኝም" ብሎ እኔን ከመንገድ ላይ ግርግር ለማራቅ ወደ አያቶቼ ሰደደኝ። መስቀል ሳይሆን አገር ቤት ስገኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አጎቴ ደግሞ በዚያው ሰሞን ከአያቶቼ ቤት አጠገብ፣ በአያቶቼ ቤት ልክ፣ አዲስ ቤት ያሠራ ነበር።

እንጨት ሠሪው ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር መጡ። ጠይም፣ ቀጭን፣ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ፤ ትከሻቸው ላይ መጥረቢያ፣ በቆዳ ከረጢት ውስጥ መሮና ሽብልቅ ይዘዋል። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ምሰሶ እንዲሆን ተቆርጦ የደረቀው ጥድ አጥሩ ሥር ተጋድሟል። ሽማግሌው ከግርጌው ጀምረው በመጥረቢያቸው ጀርባ እየመቱ፣ ጆሯቸውን እየጣሉ እስከ ራስጌው ሄዱ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ፣ ደገሙት፣ ሦስተኛም መቱት። ከዚያ ዛፉን በእጃቸው ገፍተው አገላበጡትና ለአጎቴ፣ "ይህ ወገን ወደ በሩ አይዞርም፤ ሸክሙን የሚችለው በዚያ በኩል ነው" አሉት። አጎቴ ባለጠጋ ነው፣ ተናጋሪ ነው፣ በሽማግሌ ሸንጎም ቃሉ ይሰማል። ያን ቀን ግን አንዲት ቃል አልመለሰም።

በማግስቱ መሬት ላይ እንጨት ተከሉና ገመድ አስረው ዙሪያውን በሹል እንጨት ጫሩ። የቤቱ ክብ ወጣ። መሃሉ ላይ የምሰሶው ጉድጓድ ተቆፈረ። ከመተከሉ በፊት የምሰሶውን እግር እሳት ላይ እያገላበጡ ላዩ ከሰል እስኪሆን አቃጠሉት። ነገሩ ግራ ቢገባኝ ታናሹን ልጅ ጠየቅሁት፤ እሱም የእኔ እኩያ ነበር። "ምስጥ የተቃጠለ አይበላም" አለኝ። ጥድ እንኳን ተፈጥሮው ራሱ ለምስጥ አይመችም፤ እነሱ ግን ጥድንም አላመኑም።

ምሰሶ የሚቆምበት ቀን መንደሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎች መረቁ፣ ሴቶች እልል አሉ፣ ወንዶች ገመዱን ያዙ፣ የቀሩት ባላ እንጨት ይዘው ከታች ሊደግፉ ቆሙ። ያ ሁሉ ሰው ዓይኑን የጣለው ግን አንድ ሰው ላይ ነው። እንጨት ሠሪው እጃቸውን ሲያነሱ ሰዉ ይስባል፣ ሲያወርዱ ይቆማል። ምሰሶው ቀና፣ ቀና እያለ መጥቶ እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ዱብ ሲል መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ከዚያ ጩኸቱ ጸጥ አለ፤ እሳቸው በአራቱም ወገን እየዞሩ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው እያነጣጠሩ፣ "ወዲህ! ትንሽ! በቃ!" እያሉ ቀጥ አደረጉት። ጉድጓዱ በድንጋይና በአፈር ተጠቀጠቀ። አጎቴ ቤቱ አለቀ ያለ ያህል ተደሰተ። እውነትም ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ለምሰሶው የሚታዘዝ ሥራ ነበር።

ግድግዳው ፍልጥ ነው። ልጆቹ ግንዱን በሽብልቅ እየሰነጠቁ፣ በመጥረቢያ እየጠረቡ፣ በጫሩት ክብ ላይ ጎን ለጎን ተከሉት፤ ከውስጥም ከውጭም ዙሪያውን በማገር አጥብቀው አሰሩት። ልብ ብዬ ያየሁት አንድ ነገር ቢኖር ለዚህ ዙሪያ እስር የነበራቸውን ጥንቃቄ ነው። የላላች አንዲት እስር ካገኙ ሽማግሌው እንደገና ያስፈቷታል። ምክንያቱ የገባኝ አድጌ፣ የምህንድስና መጻሕፍት ማገላበጥ ከጀመርኩ በኋላ ነው። የሣር ክዳን ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል። ክብደቱ ወደ ታች ብቻ አይወርድም፤ ዙሪያውን የተደረደሩት ወራጆች እግራቸውን ወደ ውጭ እየገፉ ግድግዳውን ሊበረግዱት ይታገላሉ። ቤቱን ከመበርገድ የሚያድነው ያ ዙሪያ እስር ነው። ከምሰሶው የሚነሱት ድጋፍ እንጨቶች ደግሞ ወራጆቹን መሃላቸው ላይ ተቀብለው፣ የሸክሙን ከፊል ወደ ምሰሶው ያወርዱታል፤ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ግፊት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ማዕዘን ስለሌለው ነፋስ ፊት ለፊት የሚመታው ጠፍጣፋ ግድግዳ አያገኝም፤ ጣሪያው ቁልቁለት ስለሆነ ውሃ አይተኛበትም። ይህን ሁሉ እነዚያ ሰዎች ያለ ወረቀትና ያለ ቁጥር፣ ከአባት ወደ ልጅ በእጅ ሲያስተላልፉት የኖሩት ዕውቀት ነው።

የድጋፎቹን መጋጠሚያ ሲሠሩ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ምሰሶው ላይ በመሮ ቦይ ያወጣሉ። የድጋፉን እንጨት እግር በቦዩ ልክ ይጠርቡታል፤ ያስገቡታል፣ ያወጡታል፣ ትንሽ ይልጡታል፣ እንደገና ያስገቡታል። ሲገጥም ድምፅ አለው። ጥብቅ ያለ፣ አጭር ድምፅ። ሽማግሌው ያንን ድምፅ ካልሰሙ ወደሚቀጥለው አይሄዱም። በመጨረሻ በርጥብ ልጥ ይጠፍሩታል፤ ልጡ ሲደርቅ ይኮማተርና እስሩን ይበልጥ ያጠብቀዋል።

ክዳኑን የመንደሩ ወንዶች በደቦ ከደኑት፣ ምርጊቱን ሴቶች በእበትና በጭቃ ለሰኑት። ይህን ቶሎ ልለፈው፤ የማይረሳኝ ነገር ምሰሶው የቆመ ዕለት የሆነው ነው።

ያን ቀን ድግስ ነበር። ቆጮ፣ ክትፎ፣ አይብ፣ ጎመን። ሰዉ ሁሉ አያቶቼ ቤት ገብቶ ጅባ ላይ ተቀመጠ። እኔ ውሃ አስታጥብ ነበር። ዞር ዞር ብዬ ሳይ እንጨት ሠሪውና ልጆቻቸው የሉም። ወደ ውጭ ብወጣ ከደጃፉ ራቅ ብሎ፣ አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል። ምግባቸው በእንሰት ቅጠል ላይ ነው። ቅጠሉ ተበልቶበት ይጣላል፤ ዕቃው ግን ቤት ተመልሶ ስለሚገባ ለእነሱ አይሰጥም። ሴት አያቴ ከራሷ ድርሻ ጨምራ ያማረውን ሥጋ እንደላከችላቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ሴት አያቴ ደግ ሰው ነበረች፤ መንደሩ በደግነቷ ይምል ነበር። ግን እሷም በቅጠል ነው የላከችው።

ማታ ጅባው ላይ አጠገቧ ተኝቼ "እማ፣ ለምን ቤት አልገቡም?" ብዬ ጠየቅኋት። ዝም አለች። ደግሜ ስጠይቃት፣ "ልጄ፣ እኛም እንዲሁ ሆኖ አገኘነው" አለች። ከዚያ የምታውቀውን ነገረችኝ። መሬት የላቸውም፤ ማረስ አይፈቀድላቸውም። እነሱ የነኩት አፈር ፍሬ ይነሳል፣ እነሱ የተከሉት እንሰት ይደርቃል ይባላል። ጋብቻ የለም። ይህንን እንደ ሐሜት ሳይሆን ሁሉ እንደሚያውቀው ነገር ነበር የምትናገረው።

ይህ የእኛ መንደር ብቻ ጉዳይ እንዳልነበረ ኋላ ላይ አንብቤ አረጋገጥኩ። ዊልያም ሻክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሰብዕ ምሁር በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቸሃ ውስጥ ኖሮ ያጠናውን በ1966 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አድርጎ አሳትሞታል። ፉጋ እየተባሉ የሚጠሩት እንጨት ሠሪዎች የጉራጌን ቤት ምሰሶ የሚያቆሙ ባለሙያዎች እንደነበሩ፣ በዚያው ላይ ግን መሬት እንዳይዙና እንዳያርሱ ተከልክለው እንደኖሩ ጽፏል። ያነበብኩት ከአገር ቤት ርቄ፣ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር። አጥሩ ሥር ተቀምጦ ከቅጠል ላይ የሚበላው እኩያዬ ወዲያው ፊቴ ላይ ድቅን አለ። የዚያን ቀን በአንድ እጁ ቆጮውን ይዞ፣ በተከፈተው በር በኩል አንጋጥጦ፣ የአያቶቼን ቤት ጣሪያ ያይ ነበር። ያንን ጣሪያ የሠሩት የአባቱ አባት እንደሆኑ ያወቅሁት ያን ምሽት ነው፤ ሴት አያቴ ነገረችኝ።

በዓመቱ፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ታወጀ። አዲስ አበባ ለአዋጁ የተወጣውን ሰልፍ አይቻለሁ፤ አባቴ ሱቁ በር ላይ ቆሞ "እንግዲህ ምን ይሆን" ይል ነበር። አዋጁ ስለ ርስትና ስለ ጭሰኛ ነው የሚያወራው፤ በእኛ መንደር ግን ከሁሉ ትልቁ ለውጥ እንጨት ሠሪው መሬት ማግኘታቸው ነበር። የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም፣ መንግሥት ወደ ገጠር ያዘመታቸው ተማሪዎች መንደር ለመንደር ሲዞሩ፣ እሳቸውም ከሌላው እኩል ስማቸው ተጻፈ። ከጀፎሮው ታች ማዶ ቁራሽ መሬት ደረሳቸውና እንሰት ተከሉ።

አገር ሁሉ ያንን እንሰት ያያል። ሴት አያቴም ውሃ ልትቀዳ በወረደች ቁጥር መንገዷን አዙራ በዚያ በኩል ታልፍ ነበር። እንሰት ለመብሰል ዓመታት ይፈጃል፤ ነገሩም የዓመታት ጉዳይ ሆነ። በየመስቀሉ ስንወርድ አባቴ "የእነዚያ እንሰት እንዴት ነው?" ብሎ ይጠይቃል። እንሰቱ አልደረቀም። ወፈረ፣ ሰፋ፣ ቅጠሉ አጥር አለፈ። አንድ መስቀል ላይ ሴት አያቴ ከእነሱ የተላከ ቆጮ በሰፌድ ተቀብላ፣ በሰፌድ መልሳ ስትልክ አየሁ። ስለ ነገሩ አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ግን ደስ ብሎኝ ብቻ አልጽፈውም። መሬት ያገኘ ሰው መጥረቢያውን ለምን ያነሳል? የእንጨት ሥራው ለዚያ ቤተሰብ ሙያ ብቻ አልነበረም፤ የመናቃቸው ምልክትም ነበር። ትልቁ ልጅ አራሽ ሆነ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገቡ። "አባትህ ምንድን ነው?" ሲባሉ "ገበሬ" ማለት ቻሉ፤ ያንን ማንም ሊነፍጋቸው አይገባም ነበር። ሙያው ግን በዚያው እየተመናመነ ሄደ። ብዙ ጊዜ "የሣር ቤቱን ያጠፋው ቆርቆሮ ነው" ሲባል እሰማለሁ። ቆርቆሮ የራሱ ድርሻ አለው፤ የሣር ግጦሹ ባሕር ዛፍ መሆኑም፣ ጥዱ ማለቁም ድርሻ አላቸው። እኔ ባየሁት ግን ቤቱን ከሁሉ በፊት የጎዳው እኛ ነን፤ የሠሩትን እጆች ንቀን ልጆቻቸው እንዲሸሹት ያደረግን።

አያቶቼ አንዱ አንዱን ተከትለው አረፉ። ቤቱ ተቆለፈ። እኛ ደግሞ በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል፣ እንከፍተዋለን። ያን ጊዜ ነው ሌላ ነገር የተማርኩት፤ እንዲህ ያለ ቤት ያለ እሳት አይኖርም። ሴት አያቴ በየቀኑ የምታነደው እሳት ለምግብ ብቻ አልነበረም። ጭሱ በክዳኑ ውስጥ እያለፈ ሲወጣ ሣሩን ያደርቃል፣ ነቀዝና ትል ያባርራል፣ ቃጫውንና ልጡን በጥላሸት ይለብጠዋል። እሳቱ ሲጠፋ እርጥበት ገባ። መጀመሪያ በሰሜን በኩል ክዳኑ አረንጓዴ ለበሰ፣ ከዚያ ሰመጠ፣ ከዚያ ውሃ አስገባ። ስንት ዘመን ቆሞ የኖረ ቤት፣ ሰው በተለየው በጥቂት ክረምት ውስጥ ለመውደቅ ደረሰ። ዛሬ በየመንደሩ ብዙ እንዲህ ያለ ቤት አለ። ባለቤቶቹ ከአዲስ አበባ፣ አንዳንዶቹም ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለመስቀል ይመጣሉ፤ ውጭውን አሳድሰው፣ ፎቶ ተነስተው ቆልፈው ይሄዳሉ። ለማገዶ የሚሆን ጥቂት ብርና እሳት የሚያነድ አንድ ዘመድ ቢተዉለት፣ አዲስ ሣር ከማልበስ ይልቅ ያ ያቆየዋል።

የአጎቴ ልጆች የአያቶቼ ቤት በቆመበት ቦታ ላይ የብሎኬት ቤት ለመሥራት ወሰኑ። ልወቅሳቸው አልችልም፤ የሚያፈስ ቤት ይዞ መኖር ምን እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ለማፍረስ የቀን ሠራተኛ ጠሩ። ሠራተኞቹ መዶሻና ድጅኖ ይዘው መጥተው ዙሪያውን ሲያዩት ከየት እንደሚጀምሩ ጠፋቸው፤ አንዱን ሲመቱት ሌላው ያቃስታል፣ የሚፈታ ነገር የለም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ "እነዚያን ጥሩ እንጂ፤ ያሰረ ይፈታል" አሉ። ትልቁ ልጅ አርፏል፤ ታናሹ ግን አለ። ያ እኩያዬ፣ ምስጥ የተቃጠለ አይበላም ያለኝ ልጅ፣ አሁን ጸጉሩ ሸብቶ፣ የአባቱን መጥረቢያ ይዞ መጣ።

እኔም በዚያ ሰሞን እዚያው ነበርኩ። ከላይ ጀመረ። ክዳኑ ከወረደ በኋላ ጉልላቱ ጋ ወጥቶ አንዷን ቋጠሮ ፈታ፤ ቀጣይዋ እጁ ላይ መጣችለት፤ ከዚያ ማገሮቹ በተራ እየተለቀቁ ወረዱ። ምንም አልሰበረም። አንዱን ድጋፍ ከምሰሶው ቦይ ውስጥ መዝዞ አወጣና ወደ እሱ ጠራኝ። እንጨቱ ከውጭ በጥላሸት ጥቁር ነው፤ ቦዩ ውስጥ የነበረው ጫፍ ግን ትናንት እንደተጠረበ ቀይ ነበር። የመጥረቢያው ምት አንድ በአንድ ይታያል። አውራ ጣቱን በምቶቹ ላይ እያሻሸ፣ "አያቴ ግራኝ ነበሩ አሉ፤ ይኸው፣ ምቱ ከግራ ነው" አለኝ። ጥዱ ሲፋቅ ሽታው ወጣ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን አልጠፋም።

ምሰሶውን ሲያወጡት እግሩ ላይ የከሰሉ ሽፋን እንዳለ ነበር። ምስጥ አልደፈረውም። የአጎቴ ልጅ ለማገዶ ይቆራረጥ ሲል እኩያዬ መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "እኔ አልቆርጠውም" አለ። "ገና ሌላ ቤት ይችላል።" ማንም አልተከራከረውም። ምሳ ሲቀርብ የአጎቴ ልጅ ሚስት ቀድማ እሱን ጠራችው፤ ገብቶ ከሁላችንም ጋር ከአንድ ገበታ በላ።

ከዚያ ወዲህ እኔና እሱ ስንገናኝ የምናወራው ስለ ምሰሶው ነው። ተሸፍኖ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ድጋፎቹም፣ ደህና የሆኑት ወራጆችም አብረውት አሉ። ጀፎሮው ዳር፣ ከብሎኬቱ ቤት ጎን ምሰሶው እንደገና የሚቆምበት ቦታ ቀርቷል። "ሁለት ልጅ ስጡኝ፣ ደመወዛቸውን ክፈሉ፣ አሳያቸዋለሁ" ይላል። የራሱ የልጅ ልጅ ወልቂጤ ኮሌጅ ግንባታ ይማራል፤ ስለ ክፍያው በግልጽ ከተነጋገርን በኋላ ለመምጣት እሺ ብሏል። ይህን ክፍያ እኔና የአጎቴ ልጆች ተካፍለን ጀምረነዋል። ዋጋው የዛሬ ባለሙያ ዋጋ ነው፤ ከብሎኬት ግንበኛ አያንስም፤ ማነስም የለበትም።

ለመስቀል አገር ቤት የምትወርዱ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የአባቶቻችሁ ቤት ዛሬም ቆሞ ከሆነ ከማፍረሳችሁ በፊት የሠሩትን ቤተሰብ ፈልጉ፤ በብዙ መንደር የልጅ ልጆቻቸው አሉ። እንዴት እንደታሰረ ሲያሳዩአችሁ በስልካችሁ ቅረጹ፣ ስማቸውን ከሥራው ጋር መዝግቡ፣ ለሙያቸው የሚገባውን ክፈሉ። እሳት የሚያነድ ሰውም ለቤቱ አቁሙለት። እኩያዬ ስድሳውን አልፏል፤ በእኛ መንደር ምሰሶ ማቆም የሚችል ከእሱ ሌላ ሰው የለም።